ስምንት ቡድን፣ አንድ «ለምን»፦ ጉዳዮችን በማነጻጸር የለውጥን ምክንያት የመፈለግ አሠራር

ፕሮጀክቱ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሐዋሳ ውስጥ ስምንት የሴቶች የቁጠባና ብድር ቡድኖች አንድ ዓይነት ሥልጠና፣ እኩል መነሻ ገንዘብና ያው ባለ ሦስት ቁልፍ ሣጥን ተሰጥቷቸው ነበር። ዛሬ ሦስቱ በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ፣ ያበድራሉ፣ ያበደሩትንም ያስመልሳሉ። አምስቱ ፈርሰዋል፤ የአንደኛው ሣጥን በገንዘብ ያዧ ጓዳ በርበሬ ተቀምጦበታል። ለጋሹ «ለምን?» ብሎ ጠይቋል፤ የግምገማው ቢጋር (ምን እንዲገመገም የሚያዝዘው ሰነድ) ደግሞ በእጅዎ ነው።

ለዚህ ጥያቄ አዘውትረን የምንሰጠው መልስ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ሦስት ከስምንት 37.5 በመቶ ነው ብለን ግራፍ እንሠራለን፤ ወይ ከሁሉ የተሻለውን ቡድን መርጠን ታሪኩን ከነፎቶግራፉ እናትማለን። ግራፉ ስንት እንደሆነ እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ታሪኩ ለምን እንደሆነ የሚናገር ይመስላል፤ ከፈረሱት ጋር ስላልተያየ ግን ውሃ አያነሳም። በሁለቱ መካከል ሌላ መንገድ አለ፦ ጥቂት ጉዳዮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር። ከአምስት ስድስት እስከ ሠላሳ ገደማ የሚሆኑ ቡድኖች፣ ትምህርት ቤቶች ወይም ጤና ጣቢያዎች ላሉት ግምገማ ይስማማል።

ስምንቱን ቡድኖች ለማስረጃነት ሳይሆን ለማስተማሪያ ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ፤ በከተማዋ የሚገኝ የትኛውንም ቡድን አይወክሉም። ችግሮቹ ግን በሥራ ላይ ያየኋቸው ናቸው።

1. ውጤቱን መስክ ከመውጣትዎ በፊት ይበይኑ

«ቡድኑ ተጠናከረ» ማለት ምን ማለት ነው? ሰብሳቢዋ በርትተናል ትላለች፤ የቀበሌው ባለሙያ ቡድኑ ስሙ በመዝገብ ላይ ስላለ አለ ይላል፤ አባሏ ደግሞ ከተሰበሰብን ቆየን ትላለች። ሦስቱም አይዋሹም። ስለዚህ ዘለቀ የሚባለው ምን ሲሆን እንደሆነ አስቀድመው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። በእኛ ምሳሌ፦ ድጋፉ ካበቃ ከ24 ወራት በኋላ፣ ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ ከራሱ ሣጥን ቢያንስ አንድ አዲስ ብድር የሰጠ ቡድን ዘልቋል። ይህ በደብተር ይረጋገጣል፤ ለክርክርም በር አይከፍትም።

ጉዳይ የሚባለውም ምን እንደሆነ ይወስኑ። እዚህ ጉዳያችን ቡድኑ ነው፤ አባሏም ክፍለ ከተማውም አይደሉም። አንድ ቡድን ለሁለት ተከፍሎ ከሆነ እንደ አንድ ይቆጠራል ወይስ እንደ ሁለት? መልሱ የትኛውም ቢሆን ችግር የለውም፤ ውጤቱን ካዩ በኋላ ከወሰኑ ግን የሚጠቅምዎትን መምረጥዎ አይቀርም።

2. የፈረሱትን ፈልገው ያግኙ

ከደረጃዎቹ ሁሉ ብዙ ግምገማ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በየከተማው አንድ «የእንግዳ ቡድን» አለ። ከአዲስ አበባ መኪና በመጣ ቁጥር የሚጎበኘው እሱ ነው፤ ቄጠማው ይጎዘጎዛል፣ ቡናው ይፈላል፣ ጸሐፊዋ ቁጥሩን በቃሏ ትወጣዋለች። አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ቡድን ዘንድ ተወስጄ ጥያቄዬን ሳልጨርስ መልሱ መጣልኝ፤ በዚያው ዓመት ስንተኛ እንግዳቸው እንደሆንኩ ስጠይቅ ሴቶቹ ተያይተው ሳቁ። ቡድኑ ጎበዝ ነበር፤ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ነገር ግን የሚዘልቅ ቡድን ምን እንደሚመስል ብቻ አይተን ቡድን የሚዘልቀው በምን እንደሆነ ማወቅ አንችልም። የዘለቁት ሦስቱም ባለ ሦስት ቁልፍ ሣጥን አላቸው፤ የፈረሱት አምስቱም ነበራቸው። የዘለቁትን ብቻ ያየ ገምጋሚ ሣጥኑን አመስግኖ ይመለሳል።

ሲመርጡ ሁለት ዓይነት ጥንዶችን ይፈልጉ። የመጀመሪያዎቹ በብዙ ነገር ተመሳስለው ውጤታቸው የተለያየ ናቸው፤ የተለያዩበት ነገር ይጠረጠራል። ሁለተኛዎቹ በብዙ ነገር ተለያይተው ውጤታቸው አንድ የሆነ ናቸው፤ የሚጋሩት ነገር ይጠረጠራል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1843 በዝርዝር ጽፎታል። ጥርጣሬ ብቻ መሆኑን ግን ልብ ይበሉ፤ ምክንያቶች ተደራርበው የሚሠሩ ከሆነ ሁለቱም መንገዶች ብቻቸውን ያሳስታሉ። ለዚህ ነው ወደ ሠንጠረዥ የምንሄደው።

የፈረሰ ቡድን በአዳራሽ አይገኝም። ሰዎቹን የሚያውቁት የቀድሞ ጸሐፊዋ፣ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ፣ ጉልት አጠገብ የምትቀመጠው ጎረቤት ናቸው። ከባለሥልጣን ጋር በአንድ መኪና አይሂዱ፤ ባጃጅ ይበቃል። ገና ከመቀመጥዎ በፊት ደግሞ ገንዘብ ለማስመለስ እንዳልመጡ ይናገሩ። በፈረሰ ቡድን ውስጥ ብድሯን ያልመለሰች ሴት መኖሯ የታወቀ ነው፤ እሷ ከሸሸችዎት የታሪኩ ግማሽ አብሯት ሸሸ ማለት ነው። ሐዋሳ ላይ የቋንቋው ነገርም ቀላል አይደለም። በአማርኛ ሰላምታ የተለዋወጠችዎት እናት ስለ ገንዘብና ስለ ጠብ ስታወራ በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ ይቀናት ይሆናል። አስተርጓሚዎ የፕሮጀክቱ የቀድሞ ሠራተኛ እንዳይሆን።

3. ምክንያት ሊሆኑ የሚችሉትን ይገምቱ፣ ከዚያ ይቀንሱ

ግምቱ ከሦስት ቦታ ይመጣል፦ ፕሮጀክቱ ሲነደፍ ለውጥ ያመጣል ከተባለው፣ ከሠራተኞቹ ልምድና ከሴቶቹ ከራሳቸው። ሃያ ቢሰበስቡ አይደነቁ። ሃያውን ይዘው ግን የትም አይደርሱም፤ ሒሳቡ አይፈቅድም። እያንዳንዱ ሁኔታ አለ ወይም የለም ተብሎ ቢመዘገብ፣ ሦስት ሁኔታዎች 8 ዓይነት ጥምረት ይፈጥራሉ፤ አራት 16፣ አምስት 32፣ ስድስት 64። ስምንት ቡድን ይዞ 64 ረድፍ መክፈት ባዶ ቤት መጥረግ ነው። ለስምንት ቡድን ሦስት ሁኔታ ይበቃል።

ለመቀነስ ቀላሉ ዘዴ በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት የሆነውን ማውጣት ነው። ሥልጠናው፣ መነሻ ገንዘቡና ሣጥኑ በስምንቱም ስላሉ ልዩነቱን ሊያስረዱ አይችሉም። (አይጠቅሙም ማለት ግን አይደለም። ያለ እነሱ ሦስቱም ላይዘልቁ ይችሉ ነበር፤ ይህን ለማወቅ ሥልጠና ያልደረሰው ቡድን ያስፈልጋል።) ከዚያ ተመሳሳይ የሆኑትን ያዋህዱ። በምሳሌያችን የተረፉት እነዚህ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ድንበር እንዳላቸው ይመልከቱ፦

ትስስር፦ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ፕሮጀክቱ ከመምጣቱ በፊት በአንድ እድር ወይም እቁብ ውስጥ ነበሩ።

ሳምንታዊ ገቢ፦ ከአባላቱ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በየሳምንቱ ገንዘብ የሚያስገባ ሥራ አላቸው፤ ጉልት፣ እንጀራ መጋገር፣ አሞራ ገደል ዓሣ መሸጥ። የቡና ወቅትን ወይም የወር ደመወዝን የሚጠብቁት እዚህ አይገቡም።

ክትትል፦ አመቻቿ (ቡድኑን እንድትደግፍ ፕሮጀክቱ የመደባት ሠራተኛ) በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ በወር ሁለት ጊዜ በስብሰባው ተገኝታለች።

4. ከሠንጠረዡ በፊት የእያንዳንዱን ቡድን ታሪክ ይጻፉ

ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ገጽ ይበቃል፦ መቼ ተመሠረተ፣ መቼ በረታ፣ የመጀመሪያው የተዘለለ ክፍያ የማን ነበር፣ ቀጥሎ ምን ሆነ። «ለምን ፈረሰ?» ብለው አይጀምሩ፤ ሰው ለምን ሲባል ወይ ራሱን ይከላከላል ወይ ጎረቤቱን ይከሳል። «ከዚያስ?» ይበሉ። ምክንያቱን ማውጣት የእርስዎ ሥራ ነው።

ቀን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ከሚታወስ ነገር ጋር ያያይዙ። ኮሮና ሲገባ ነበር? ሲዳማ ክልል ሲሆን፣ ሰኔ 2012 ዓ.ም. ነበር? ከፊቼ ጨምባላላ፣ ከሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፊት ነው በኋላ? የመጨረሻውን ሲጠቀሙ ግን ይጠንቀቁ። በዓሉ በየዓመቱ የሚውልበት ቀን ኮከብ በሚቆጥሩ አዋቂዎች ስለሚወሰን፣ የየትኛው ዓመት ፊቼ እንደሆነ ጠይቀው ቀኑን ያጣሩ። ደብተሩ ካለ ከሁሉ ይበልጣል፤ ገጹን ፎቶግራፍ ያንሡ፣ ከአፍ የሰሙትንም ከእሱ ጋር ያስተያዩ።

ከፕሮጀክቱ ውጭ የሆነ ምክንያትም እዚሁ ይፈለጋል። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ምግብ ለሚሸጡና ቤት ለሚያከራዩ ብዙ ሴቶች ገበያ ነው። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሜሪካው የአጎዋ የቀረጥ ነጻ ዕድል ስትወጣ፣ ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፋበት ፓርክ መጎዳቱ የማይቀር ነበር። የእርስዎ ፕሮጀክት በዚያ ጊዜ የቆየ ከሆነና የፈረሱት ቡድኖች ለፓርኩ ሠራተኞች የሚሸጡት ከሆኑ፣ አፍራሹ የአመቻቿ መቅረት ላይሆን ይችላል። ታሪኩን አስቀድሞ ያልጻፈ ሰው ይህን ሠንጠረዥ ላይ አያገኘውም።

5. ጎን ለጎን ያስቀምጡ

| ቡድን | ትስስር | ሳምንታዊ ገቢ | ክትትል | ዘለቀ? |
|---|---|---|---|---|
| ሀ | አለ | አለ | የለም | አዎ |
| ለ | አለ | አለ | አለ | አዎ |
| ሐ | የለም | አለ | አለ | አዎ |
| መ | አለ | የለም | አለ | አይ |
| ሠ | የለም | አለ | የለም | አይ |
| ረ | የለም | የለም | አለ | አይ |
| ሰ | አለ | አለ | የለም | አይ |
| ሸ | የለም | የለም | የለም | አይ |

ለዚህ ሥራ ኤክሴል ይበቃል፤ ለስምንት ቡድን ወረቀትና እርሳስም አያንስም።

መጀመሪያ በተለመደው መንገድ እንየው። ክትትል ከነበራቸው አራት ቡድኖች ሁለቱ ዘለቁ፤ ካልነበራቸው አራት አንዱ። በትስስርም ያው ነው፤ ሁለት ከአራት፣ አንድ ከአራት። በዚህ ስሌት የሚጻፈው ሪፖርት «ክትትልም ትስስርም በመጠኑ ያግዛሉ» ይላል፤ ለቀጣዩ ፕሮጀክት ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ይመከራል። ረድፎቹን አንድ በአንድ ያነበበ ግን ሌላ ነገር ያያል።

6. የሚጋጩ ረድፎች ላይ ይቁሙ

ቡድን ሀን እና ቡድን ሰን ይመልከቱ። ሦስቱም ሁኔታዎች ፍጹም አንድ ናቸው፤ አንዱ ዘለቀ፣ ሌላው ፈረሰ። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ይደነግጣል፤ አንዳንዱም ሰን «ልዩ ሁኔታ» ብሎ በግርጌ ማስታወሻ ይቀብራታል። እኔ ግን አንድም ግጭት የሌለበት ሠንጠረዥ ሲመጣልኝ ነው የምጠረጥረው። ግጭቱ የሚነግርዎት ያላወቁት ነገር እንዳለ ነው፤ የት እንዳለም ጭምር ይጠቁማል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ወደ ሰ ይመለሱ። በምሳሌያችን ሲመለሱ ያገኙት እንዲህ ነው እንበል። የሰ አባላት በአንድ እድር ውስጥ መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን እድሩ የሰፈሩ ሁሉ ያለበት ትልቅ እድር ነው። ሴቶቹ ለቀብር ድንኳን ሥር ከመገናኘት በቀር አንዷ የሌላዋን ገንዘብ ይዛ አታውቅም። ወደ ቡድኑም የገቡት ተመራርጠው ሳይሆን በስም ዝርዝር ተመድበው ነው። የሀ ሴቶች በአንጻሩ ለዓመታት አብረው እቁብ ጥለዋል፤ ማን ቀን እንደምታሳልፍ፣ ማን ቃሏን እንደምትጠብቅ አስቀድመው ያውቃሉ። እንግዲህ የጎደለው መተዋወቅ ሳይሆን በገንዘብ መተማመን ነው። ትርጉሙ ተበላሽቶ ነበር።

ትርጉሙን ያስተካክሉ፦ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ፕሮጀክቱ ከመምጣቱ በፊት አብረው እቁብ የጣሉ። እዚህ ላይ የማይጣስ ሕግ አለ፤ የተለወጠው ትርጉም በስምንቱም ላይ እንደ አዲስ ይሠራል። ሰን ብቻ «የለም» ብሎ ማለፍ ግምገማ ሳይሆን ማስዋብ ነው። ለ እና መም እንደገና ይጠየቃሉ፤ በምሳሌያችን አዲሱንም ፈተና አልፈዋል። ለውጡን፣ ቀኑንና ምክንያቱን በማስታወሻ ይያዙ፤ ሪፖርቱም ውስጥ ይግባ። ግጭትን ለመፍታት ሌሎች ሁለት መንገዶችም አሉ፦ የመረጃ ስሕተት ካለ ማረምና የተዘነጋ ሁኔታ መጨመር። መጨመር ግን ረድፎቹን እጥፍ ስለሚያደርግ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን።

7. ጥምረቶቹን ያሳጥሩ

ሰ አሁን ከሠ ጋር አንድ ሆናለች፤ ሁለቱም ፈርሰዋል። ግጭት የለም። አሁን በአንድ ነገር ብቻ የሚለያዩ ጥንዶችን ያንብቡ።

ለ እና መ የሚለያዩት በሳምንታዊ ገቢ ብቻ ነው፤ ለ ዘለቀ፣ መ ፈረሰ። ሐ እና ረም እንዲሁ። የዘለቁት ሦስቱም ሳምንታዊ ገቢ አላቸው፤ ስለዚህ በእነዚህ ቡድኖች መካከል ያለ እሱ የዘለቀ የለም። ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሠ እና ሰ ይመስክሩ።

ሀ እና ለ የሚለያዩት በክትትል ብቻ ነው፤ ሁለቱም ዘልቀዋል። ትስስርና ሳምንታዊ ገቢ ላለው ቡድን አመቻቿ ብትመጣም ባትመጣም ልዩነት አላመጣም ማለት ነው። ለ እና ሐ የሚለያዩት በትስስር ብቻ ነው፤ ሁለቱም ዘልቀዋል። ሐን ከሠ ጋር ሲያስተያዩ ደግሞ ልዩነቱ ክትትል ብቻ ሆኖ ሐ ዘለቀ፣ ሠ ፈረሰ። ትስስር ለሌለው ቡድን ክትትሉ የሞት የሽረት ጉዳይ ነበር።

በአጭሩ ሲጻፍ፦ ሳምንታዊ ገቢ፣ ከእሱም ጋር ወይ ትስስር ወይ ክትትል። ወደ መዝለቅ የሚወስዱ መንገዶች ሁለት ናቸው። «በመጠኑ ያግዛል» የተባለው ክትትል ለአንዱ ቡድን ትርፍ፣ ለሌላው ነፍስ አድን ሆኖ ተገኘ፤ አማካዩ ሁለቱን ቀላቅሎ አደብዝዞት ነበር። ይህን ዓይነቱን ንባብ በሥርዓት የቀመረው አሜሪካዊው የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪ ቻርልስ ሬጂን ነው፤ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1987 አሳተመ። ጉዳዮቹ ሃያና ሠላሳ ሲሆኑ የማሳጠሩን ሥራ የሚሠሩ ነጻ ሶፍትዌሮች አሉ። «አለ» እና «የለም» የማይበቁ ከሆነም በዜሮና በአንድ መካከል ደረጃ የሚሰጥ አሠራር አለ። ለጀማሪ ግን በእጅ መሥራት ይሻላል፤ ሶፍትዌር መልሱን ሲሰጥ ቡድኖቹን ያስረሳል።

8. መልሱን በቡድኑ ውስጥ ይፈትኑ

ሠንጠረዡ የሚያሳየው አብሮ መገኘትን ነው፤ አንዱ ሌላውን እንዴት እንዳመጣ አያሳይም። ስለዚህ እያንዳንዱን መንገድ «ይህ እውነት ከሆነ በደብተሩ ላይ ምን መታየት ነበረበት?» ብለው ይጠይቁ። ቡድን መን ያፈረሰው የሳምንት ገቢ ማጣት ከሆነ፣ መጀመሪያ ገንዘብ በሚያጥርባቸው ወራት ክፍያ መዘለል አለበት፤ ከስብሰባ መቅረት ከዚያ በኋላ መምጣት አለበት፤ ያፈረ ይቀራልና። መቅረቱ ከቀደመ ማብራሪያው ተሰናክሏል፤ ምናልባት ጠብ ነበረ።

ሐ ላይ ደግሞ አንድ የሚያሳስብ ጥያቄ አለ። አመቻቿ ከሄደች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ክትትሏ ዛሬ እንዴት ይሠራል? አንድ ነገር ትታ መሄድ አለባት። ያላባራ ጠብ አስታርቃ የመጀመሪያውን የተዘለለ ብድር አስመልሳ ከሆነ፣ ሴቶቹም ከዚያ ወዲህ ያንኑ ሥርዓት በራሳቸው እየተከተሉ ከሆነ፣ መንገዱ ተገኘ። ይህን በሐ ካላገኙ ሠንጠረዡ የቱንም ያህል ያምር ሐ የዘለቀችው በሌላ ነገር ነው።

9. ሲጽፉ ልክዎን ይወቁ

መቶኛ አይጠቀሙ፤ «ከስምንት ሦስት» ይበሉ። ሁለቱን መንገዶች ለየብቻ ጽፈው እያንዳንዱን የሚወክለውን ቡድን ታሪክ አያይዙ። መደምደሚያው ለእነዚህ ቡድኖችና ለሚመስሏቸው እንጂ ለሐዋሳ ሁሉ፣ ይልቁንም ለገጠር ቀበሌ እንደማይሆን ይግለጹ። ረቂቁን ይዘው ቢያንስ ወደ አንድ የዘለቀና ወደ አንድ የፈረሰ ቡድን ይመለሱ፤ ሴቶቹ ሲሰሙት «እንዲያ አይደለም» ካሉ ከማተምዎ በፊት ይሰማል።

የማይነገረውንም ይለዩ። ሳምንታዊ ገቢ የሌላቸው ሦስቱም ቡድኖች ፈርሰዋል፤ ከዚህ ተነሥቶ «እንደዚህ ያሉ ሴቶች ለቁጠባ አይሆኑም» ማለት ስሕተት ነው። ሦስቱም በየሳምንቱ እንዲከፍሉ የተገደዱ ነበሩ። ከቡና ሽያጭ በኋላ አንድ ጊዜ የሚከፍል ቡድን በሠንጠረዡ ውስጥ የለም፤ ስለ እሱ ሠንጠረዡ ምንም አይልም።

አንድ ረድፍም ባዶ ነው። ትስስር ያለው፣ ሳምንታዊ ገቢ የሌለው፣ ክትትልም ያላገኘ ቡድን አላየንም። መ ክትትል ተጨምሮለት እንኳን ስለፈረሰ ይህም ይፈርሳል ብሎ መገመት ይቻላል፤ ግምት መሆኑ ግን በሪፖርቱ ላይ ይጻፍ። በጀትና አንድ ሳምንት ከተረፈዎት ዘጠነኛው ቡድን ከዚያ ረድፍ ይሁን፤ ቱላ አካባቢ ቡና የሚሸጡ፣ ከድሮ አብረው እቁብ የሚጥሉ፣ አመቻች ደጃፋቸውን ያልረገጠችባቸውን ሴቶች ጠይቀው ይጀምሩ።